ሰሌዳው የወረደ ዕለት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የጀመርኩት አሳንሰር በመጠበቅ ነው። ቢሯችን ቦሌ፣ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ ነበር። የአሳንሰሩ በር ሲከፈት ከፊቴ የቆሙ፣ ከኮታቸው ሥር ግራጫ ሹራብ የለበሱ ጎልማሳ ሰው እጃቸውን ዘርግተው «ግቢ የኔ ልጅ» አሉኝ። ገባሁ። ከኋላዬ የመጣውን «ይግቡ»፣ ከእሱ ቀጥላ የመጣችውን «ኧረ በሞቴ ቅደሚ» እያሉ ሲያስገቡ አሳንሰሩ ሞላና እሳቸው ውጭ ቀሩ። ላይ ደርሼ የክፍሉን ኃላፊ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ በደረጃ እያለከለኩ የመጡት እኒያው ሰውዬ ሆነው ተገኙ። አለቃዬ ጋሽ ታምራት እሳቸው ናቸው።

ዘሀራ እባላለሁ። የተማርኩት ደን ነው። በአየር ንብረት ድርድር ዴስክ ጀማሪ ባለሙያ ሆነሽ ተመድበሻል ሲሉኝ ችግኝ የምናስተክል መስሎኝ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ ገዝቼ ነበር የሄድኩት። ጋሽ ታምራት ጫማዬን ዓይተው ፈገግ አሉ። አንድ ወፍራም ጥራዝ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ።

ገለጥኩት። ቅንፍ ነው። ገጹ ከላይ እስከ ታች በቅንፍ ተሞልቷል። ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቅንፍ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የድርድር ረቂቅ ነው። ዓለም ያልተስማማበት ነገር ሁሉ ቅንፍ ውስጥ ይገባል። ከቅንፍ የወጣው ተስማምተንበታል ማለት ነው።»

ከቅንፍ የወጣ ነገር ፈለግሁ። ርዕሱ ወጥቷል፣ እሱም ግማሹ ነው። «በይ አንብቢው» አሉኝ፤ «ከገባሽ ለኔም ታስረጂኛለሽ።» የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ወላሂ፣ እየቀለዱ አልነበረም።

አባቴ ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው። ከሥራ ስወጣ እሱ ጋ ጎራ የማለት ልማድ ነበረኝ። ያን ሰሞን «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አገሮች የሚያወጡትን ጭስ ለመቀነስ ቃል እንደሚገቡ፣ የኛንም ቃል እኛ እንደምናዘጋጅ ነገርኩት።

«እኛ ብዙ ጭስ አለን?»

«የለንም አባዬ። ከሌላው ዓለም አንጻር ኢምንት ነው።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትቀንሱት?»

«ወደፊት ከምናጨሰው ላይ።»

«ገና ካላጨስነው ላይ?»

«አዎ።»

«እሱ ምን ያህል እንደሚሆን በምን አወቃችሁ?»

«ገመትን።»

ደንበኛ መጥቶ ፍሬን ሸራ ሲጠይቀው ወደ መደርደሪያው ዞረ። «ወይ ጉድ! ይሄን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ?» አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ። እውነቱን ልናገር፣ ለእሱ የነገርኩት ለራሴም ዞሮብኛል።

በማግስቱ ለጋሽ ታምራት ነገርኳቸው። መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«አንድ ሰው ሠርግ ሊደግስ ነው እንበል። "በራሴ አቅም አንድ በሬ አርዳለሁ፤ ዘመድ ከረዳኝ ሁለት አርዳለሁ" ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። የአገራችን ቃልም ይኸው ነው። ትንሹን በራሳችን እንቀንሳለን፤ ብዙውን የምንቀንሰው ሀብታሞቹ ከረዱን ነው። አሁን ከሰውየው ንግግር ላይ "ዘመድ ከረዳኝ" የሚለውን ብትሰርዢበት ምን ይሆናል?»

«ሁለት በሬ ማረድ ግዴታው ይሆናላ!»

«ዘመድ ባይመጣም?»

«ባይመጣም።»

«በቃ፣ የኔ ሥራ ያቺ ቃል እንዳትሰረዝ መጠበቅ ነው። ሌላው ሁሉ ቢደናገርሽ አይግረምሽ፤ እኔንም ይደናገረኛል።»

ቃሏ በረቂቁ ውስጥ «ድጋፍ እስከተገኘ ድረስ» ተብላ ነበር የተቀመጠችው። ጋሽ ታምራት ቀደም ሲል የአፈር ባለሙያ ነበሩ። ወደ ድርድር ከመጡ ጀምሮ ግን ያችን ቃል ሲጠብቁ ነው የኖሩት። አንዳንዱ አገር ወደ ሌላ ገጽ ሊወስዳት ይፈልጋል፣ ሌላው ሊያሳጥራት። እሳቸው አይጮሁም፣ አይቆጡም። ተራቸው ሲደርስ ዝግ ባለ ድምፅ «ይህች ቃል ባለችበት ብትቀመጥ» ይላሉ፤ ትቀመጣለች።

አዳራሽ ገብቼ ከኋላቸው መቀመጥ የጀመርኩት ባለሙያ ወደሚለው ደረጃ ካደግሁ በኋላ ነው። የኔ ሥራ ማስታወሻ መያዝ ነበር። ደንቡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ አገር ፊቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ አለው። መናገር የፈለገ ሰሌዳውን ያቆማል። ከሰብሳቢው ጎን የተቀመጠችው ጸሐፊ የቆሙትን እያየች ተራ ትይዛለች። ተራህ ሲደርስ የማይክሮፎኑ ቀይ መብራት ይበራል። ሰሌዳህ ከተኛ አዳራሹ ውስጥ የለህም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የዝምታው ነገር ነው። ሰብሳቢው አንድ አንቀጽ ያነብና «ተቃውሞ አይታየኝም» ብሎ መዶሻውን ጓ ያደርጋል። አለቀ፣ ጸደቀ። የመጀመሪያውን ጓ ስሰማ እኔ ገና ገጹን እየፈለግሁ ነበር። ቤታችን ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ይባላል፤ ዝም ያለ ሽማግሌ ደግሞ ነገሩን አልወደደውም ማለት ነው። እዚያ ግን ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ተረት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይነቅዛል።

አሁን ወደዚያ ስብሰባ ልምጣ። ከትልቁ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በፊት የአህጉሪቱ ተደራዳሪዎች አንድ የጋራ ረቂቅ ለማዘጋጀት እዚሁ አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ቦታው ከወሎ ሰፈር ብዙም የማይርቅ ሆቴል ነው። የጋራ ረቂቁ እዚህ ከጸደቀ አህጉሪቱ በሙሉ ትልቁ ጉባኤ ላይ የምትይዘው እሱን ነው። እዚህ የተሰረዘ ቃል እዚያ አይገኝም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ ከወዳጅ አገሮች ተወካዮች ጋር ተቀምጠን ማኪያቶ እየጠጣን አንቀጾቹን ተከፋፈልን። ሁሉም በሁሉም ላይ ከተናገረ ሰብሳቢው ይሰለቻል። ስለዚህ አንድ አንቀጽ በአንድ ሰው ይያዛል፤ ሌሎቹ እሱ ከተናገረ በኋላ ይደግፋሉ እንጂ አይቀድሙትም። የድጋፏ አንቀጽ ለጋሽ ታምራት ተሰጠች። «እሳቸው ከያዟት አናስብም» አለ አንዱ። እኔም አላሰብኩም።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሰብሳቢው ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ማየት ጀመረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነው እንጂ። ይሄኔ አንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ፣ የሌላ አገር ተወካይ፣ ማይክሮፎን ይዞ «ጽሑፉ ረዝሟል፤ "ድጋፍ እስከተገኘ ድረስ" የሚለው ሐሳብ ሌላ ቦታ ስላለ ከዚህ ይውጣ» አለ። ሌላ ቦታ ያለው ግን ስለ ሥልጠና ድጋፍ ብቻ የሚያወራ ነው። ጋሽ ታምራት ወዲያው ሰሌዳቸውን አቆሙ። እኔ እፎይ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

በዚያው ቅጽበት ከአዳራሹ ማዶ ሌላ ሰሌዳ ተነሣ። ከአንዲት የደሴት አገር የመጡ ሴት ናቸው። ጸጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ከዘራቸውን ወንበራቸው ላይ ያስደገፉ። ጋሽ ታምራት አዩዋቸው። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ? ሰሌዳቸውን አስተኙ። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ሴትየዋ ዘርግተው «እርስዎ ይቅደሙ» የሚል ምልክት ሰጡ። አሳንሰሩ ትዝ አለኝ።

ሴትየዋ ተናገሩ። ስለ ድጋፍ አልነበረም፤ ስለ ባሕር ዳርቻ የሚያወራ ሌላ አንቀጽ ነበር ያስነሣቸው። ባሕሩ የሰፈራቸውን መቃብር እየበላው እንደሆነ፣ የእናታቸውን አፅም አውጥተው ወደ ኮረብታ እንደወሰዱ ተናገሩ። ጋሽ ታምራት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እናመሰግናለን። ሌላ የተነሣ ሰሌዳ አይታየኝም» አለ ሰብሳቢው። «ቃሉ ይወጣል።» ጓ!

የጋሽ ታምራት እጅ ገና ወደ ሰሌዳው እየሄደ ነበር።

«ጋሼ! ሰሌዳው!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር። ወዳጆቻችን ካሉበት ያፈጥጡብን ጀመር። እነሱም ቅድሚያ ለእሳቸው ሰጥተው እየጠበቁ ነበር፤ እሳቸው ለሴትየዋ ሰጥተዋል፤ ሴትየዋ የሌላ ነገር ተናግረዋል። በመካከሉ ቃሏ ሄደች።

ለምሳ ሲነሣ ሰብሳቢው ጋ ሮጥን። «ሰሌዳዎን ሲያወርዱ አየሁ» አላቸው፤ «ያወረደ ሰው ሐሳቡን ትቷል። ደንቡ ይኸው ነው።» ጋሽ ታምራት «አልተውኩም፤ አሳለፍኳቸው እንጂ» አሉ። ሰብሳቢው ማሳለፍ ምን እንደሆነ አልገባውም። የሕግ ባለሙያው በበኩሉ «ይህ እንደገና ከተከፈተ እኔም የምከፍታቸው አንቀጾች አሉኝ» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ለካ የሰሌዳውም ያው ነው።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ቢሮ ደርሷል። ዳይሬክተራችን አቶ ፍስሐ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም አስጠሩን። ቆመው ነበር የጠበቁን።

«ጋሽ ታምራት፣ ያ አዳራሽ እኮ ለቅሶ ቤት አይደለም! ይቅደሙ ይግቡ የሚባልበት አይደለም!»

«ትልቅ ሰው ናቸው አቶ ፍስሐ። ከዘራ ይዘዋል። እንዴት ቀድሜያቸው እናገራለሁ?»

«ነገ ከሰዓት ረቂቁ በሙሉ ይጸድቃል። ያቺ ቃል የለችበትም። ለአለቆቼ ምን ልበል? በጨዋነት ጠፋች ልበል?»

አቶ ፍስሐ ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገ አይግቡ» አሏቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ግቢ። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ነው። ማስታወሻ ያዢ፤ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ዝም አይነቅዝም።»

ስንወጣ እንባዬ መጣ። በማን እንደምናደድ ግራ ገባኝ። በጋሽ ታምራት? እኔም እኮ አባቴ ሳይጀምር ገበታ ላይ እጄን ዘርግቼ አላውቅም። በሴትየዋ? እሳቸው ምን አጠፉ! በሰብሳቢው? ሰውየው በደንቡ ነው የሠራው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ላይ እንዳልናደድ ደግሞ አላውቃቸውም። መናደጃ አጥቼ ጋሽ ታምራት ላይ ጮህኩ።

«እርስዎ ያስተማሩኝ አይደለም እንዴ? ሰሌዳህ ከተኛ የለህም ያሉኝ እርስዎ ነዎት!»

«አዎ፣ ብያለሁ» አሉ። «እጄ ነው ዘሀራ። እኔ ሳላስበው እጄ አወረደው።»

ሲሰናበቱኝ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ። «ነገ ሰሌዳውን በቀኝሽ በኩል አድርጊው። መሐል ላይ ከሆነ ከማይክሮፎኑ ጋር ይጋጫል።» ማስታወሻ እንድይዝ ብቻ እንደታዘዝኩ ሰምተዋል። እኔም አላስታወስኳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለሻይ ስንወጣ፣ ሴትየዋ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደኔ መጡ። «ያ ጨዋ ሰውዬ ዛሬ የሉም?» አሉኝ። እኔ ደብቄ አላውቅም፤ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኔ እኮ ሐሳባቸውን የቀየሩ መስሎኝ ነው! ለምን አወረዱት?»

«እርስዎ ትልቅ ስለሆኑ ነው። እኛ ጋ ታላቅ ይቀድማል።»

«እኛም ጋ ይቀድማል» አሉ። ከዚያ «ለመሆኑ የሳቸው ዕድሜ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጡረታቸው እንደተቃረበ ነገርኳቸው። ሴትየዋ በሳቅ ፈነዱ። ከዘራው የጉልበት ሕመም ነው፤ ጸጉሩ የዘር ነው፤ በቤተሰባቸው ገና በወጣትነት ይሸብታሉ። እሳቸው የጋሽ ታምራት ታናሽ ናቸው! በደንብ ታናሽ! አላህ ምስክሬ ነው፣ ልሳቅ ላልቅስ ጠፋኝ። አገር የምታህል ቃል የሄደችው ለታናሽ ሰው በተሰጠ ቅድሚያ ነው።

ሴትየዋ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «ስለዚህ ያ ተራ የኔ አልነበረም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳልጠይቅ ደወል ተደወለ።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው ረቂቁን በሙሉ ሊያጸድቅ መዶሻውን አነሣ። ይሄኔ የደሴቷ ሰሌዳ ቆመ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ትናንት የተናገርኩበት ተራ የሌላ ሰው ነበር» አሉ ሴትየዋ። «የኢትዮጵያ ተወካይ ከእኔ ቀድመው ሰሌዳቸውን አቁመው ነበር። አክብረውኝ አሳለፉኝ። አሁን ተራቸውን ልመልስ ነው የተነሣሁት።»

አዳራሹ ጉምጉም አለ። የፈረንሳይኛው አስተርጓሚ መሐል ላይ ዝም አለ፤ ማዳመጫ ያደረጉት ሁሉ ጆሯቸውን መነካካት ጀመሩ። ሰብሳቢው ደንቡን ገለጠ። ወደ ጸሐፊዋ ጎንበስ አለ፤ ጸሐፊዋም ገለጠች። ተራ መያዝ አለ፣ ተራ መተው አለ። ተራ መመለስ የሚል ግን የትም የለም። የሕግ ባለሙያው ሊቃወም ሰሌዳውን አነሣና ምን ብሎ እንደሚቃወም ስላልመጣለት መልሶ አወረደው። ሁሉም ሲደናገር ሳይ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ብቻዬን አልነበርኩም ማለት ነው።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ወደኔ አየ። «እሺ፣ ተራው የኢትዮጵያ ነው እንበል። ግን የኢትዮጵያ ሰሌዳ ተኝቷል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ ተብያለሁ። እኔ ማስታወሻ ያዥ ነኝ። ሰሌዳው ግን በቀኜ በኩል ነበረ፤ ጠዋት ስገባ ነው እዚያ ያደረግሁት። አቆምኩት።

ይሄኔ ደግሞ ከጎረቤት አገር የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ እውነተኛ ሽማግሌ፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ሰሌዳቸውን አነሡ። እናንተ፣ እጄ መውረድ ጀመረ! እኔ አላዘዝኩትም። በራሱ፣ ቀስ እያለ፣ ሰሌዳውን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። ጋሽ ታምራት «እጄ ነው» ያሉኝ የገባኝ ያኔ ነው። በግራ እጄ ቀኝ እጄን ያዝኩት። ሰሌዳውን በሁለት እጄ ደግፌ፣ ሽማግሌውን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ ከእፍረት የተነሣ ጆሮዬ እየጋለ ጠበቅሁ።

«ኢትዮጵያ» አለ ሰብሳቢው። ቀዩ መብራት በራ።

ያዘጋጀሁት ንግግር የለኝም። እንግሊዝኛዬም ተሰባበረብኝ። አፌ ላይ የመጣው የሠርጉ ሰውዬ ነበር። አንድ በሬ በራሱ፣ ሁለት በሬ ዘመድ ከረዳው ብሎ እንደተናገረ፣ ትናንት ከንግግሩ ላይ «ዘመድ ከረዳኝ» የሚለው እንደተሰረዘበት ነገርኳቸው። «ይህን ሰውዬ ያለ ዘመድ ሁለት በሬ ልናሳርደው ነው ወይ?» አልኩ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ፈረንሳይኛ ሰሚዎቹ በሬው ዘግይቶ ስለደረሳቸው ቆይተው ነው የሳቁት።

ሽማግሌው ቀጠሉ። «ልጄ እንዳለችው» ብቻ ብለው ማይክሮፎኑን ዘጉ። ከዚያም ካፌ አብረውን የነበሩት ወዳጆቻችን ሰሌዳቸውን ተራ በተራ አቆሙ፤ እነሱም ጋ ድግስ አለ መሰለኝ፣ ነገሩ ገብቷቸዋል። የሕግ ባለሙያው ብቻ ተቃወመ። ሰብሳቢው ላቡን ጠርጎ «ስምምነት የለም። ቃሉ ቅንፍ ውስጥ ይመለስ» አለና መዶሻውን መታ።

ጮቤ ልርገጥ? ላልቅስ? ማሸነፋችን ይሁን መሸነፋችን ሊገባኝ አልቻለም። ሴትየዋ ከማዶ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። ቅንፍ ውስጥ ያለች ቃል አልሞተችም ማለት ነው። ትልቁ ጉባኤ ላይ ገና ብዙ ሲጎትቷት ከርመው፣ በመጨረሻ ከቅንፍ ወጥታ፣ በትንሽ ፊደል የግርጌ ማስታወሻ ሆና ጸደቀች። ዛሬም እዚያው አለች። ዘመዶቹ መጡ ወይስ ቀሩ የሚለውን እስካሁን እየተከራከሩበት ነው።

አቶ ፍስሐ ቢሮ ስገባ «ማን ተናገሪ አለሽ?» ብለው ጮኹብኝ። ቀጥለው «እንኳንም ተናገርሽ» አሉኝ። ቆይተው ከፍተኛ ባለሙያ አድርገው የጋሽ ታምራትን ወንበር ሰጡኝ። ጋሽ ታምራት ወደ ሥልጠና ክፍል ተዛወሩ፤ ጡረታቸውን እዚያው ጠበቁ። ሁለተኛ አዳራሽ አልገቡም።

አቶ ፍስሐን ልለምናቸው ገብቼ ነበር። «ቃሏ ተመልሳለች፤ ጋሽ ታምራትም ይመለሱ» አልኳቸው።

«እኔም ያሳዝነኛል ዘሀራ። ግን አንድ ሽበት ባየ ቁጥር አገር የሚያሳልፍ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ላስቀምጥ አልችልም።»

ትክክል ነበሩ? እንጃ። ስንት ዓመት አሰብኩበት፤ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ልክ ናቸው እላለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ጨካኝ ናቸው እላለሁ። ጋሽ ታምራትን የመሰለ ሰው ባይኖር ሴትየዋ ተራ ይመልሱ ነበር? እሳቸው ባያወርዱትስ ኖሮ መመለስ መች ያስፈልግ ነበር? ይሄን ሳወጣና ሳወርድ ጭንቅላቴ ይዞራል። የገባኝ ነገር ቢኖር የሳቸው ወንበር ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ ሰሞን ያመኝ እንደነበር ነው።

ሴትየዋ ታናሽዎ ናቸው ብዬ ስነግራቸው ጋሽ ታምራት ምን አሉ መሰላችሁ? «አየሽ፣ እንኳን አሳለፍኳት። ጉልበቷን ነው የሚያማት አላልሽም?»

ዘንድሮ እኔም ወንበሩን ለወጣቶች ለቀቅሁ። በቀደም መገናኛ ላይ ጋሽ ታምራትን አገኘኋቸው። ሁለታችንም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ያው ግራጫ ሹራብ ነው፤ አሁን እሳቸውም ከዘራ ይዘዋል። ካፊያ ነበረ፤ የታክሲው ሰልፍ ተጠማዞ አስፋልቱ ጋ ደርሷል። ብዙ ቆመን ተራችን ሲደርስ ሚኒባሷ መጣች። ረዳቱ «አባዶ! አባዶ! ሁለት ሰው!» አለ። ሁለታችን ማለት ነው። ጋሽ ታምራት አንድ እግራቸውን አንሥተው ሊገቡ ሲሉ ከኋላ ሕፃን ያዘለች ሴትና እናቷ መቆማቸውን አዩ። እግራቸው ወረደ።

«ግቡ፣ ግቡ። ሕፃኑ እንዳይበርደው።»

«ጋሼ!» አልኳቸው ጮክ ብዬ፤ «ሰሌዳዎን አያውርዱ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ጋሽ ታምራት ከዘራቸው ላይ ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሚኒባሷ ሞልታ ሄደች። እኛ ካፊያው ውስጥ ቀረን።

«ይሄ እኮ ታክሲ ነው ዘሀራ» አሉኝ። «ሌላ ይመጣል።»

እውነታቸውን ነው፤ ሌላ መጣ። አዳራሽ ውስጥ ግን ሌላ አይመጣም። ከእኔ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ ለምትቀመጡት ያለኝ ይሄ ነው፦ ሰሌዳችሁን ካነሣችሁ፣ ተናግራችሁ እስክትጨርሱ አታውርዱት።